አትሂዱ ያለችን ሐኪም ሂዱ አለችን

ታላቅ ወንድሜን ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምለው። እዚህም እንደዚያው ልጥራው። ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ማተሚያ ቤት ውስጥ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ ይሠራል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እሱ ሲታመም ደብተር የመያዙ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ቀን፣ መድኃኒት፣ የደም ውጤት፣ ወጪ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ እጽፍ ነበር። ይህም ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

የምጽፈው ለአንድ ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ሊምፎማ፣ የሊምፍ እጢ ካንሰር፣ የገባበት ሰው አንድ ቀን ስልክ ይደወልለታል። ደዋዩ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። «ኬሞ ምን ያደርግለታል? የመቅኔ ንቅለ ተከላ ይደረግለት እንጂ!» ይላል። እኛም ቤት ተደውሏል። በዚያ ስልክ የተነሳ ጀሞ ያለውን የጋሼን ኮንዶሚኒየም ልንሸጥ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ቤት ሸጠን ያንኑ ሕክምና አስደረግን። በመጀመሪያው «አትሂዱ»፣ በሁለተኛው «ሂዱ» ያለችን አንዲት ሐኪም ናት። ሁለቱም ጊዜ ልክ ነበረች።

ቲቢ የተባለው ንፍፊት

መስከረም 2008 ላይ በአንገቱ ግራ በኩል ንፍፊት ወጣበት። አያመውም። ማታ ማታ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ሱሪው ሰፋው፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳ። አንድ የግል ክሊኒክ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደና «ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የስድስት ወሩን መድኃኒት አስጀመረው።

መጠርጠሩን አልነቅፍም። እኛ አገር የአንገት እጢ ሲያብጥ ቲቢ ቀድሞ ቢታሰብ ምክንያት አለው። ከሳንባ ውጭ የሚወጣ ቲቢ ብዙ ነው። ላቡም፣ ክሳቱም፣ ትኩሳቱም ከሊምፎማ ጋር ይመሳሰላል። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ እንቁላል አክሎ ሳለ «መድኃኒቱ ገና ስላልሠራ ነው፣ ታገሱ» ተባልን። ቀጭን መርፌ የሚያወጣው ጥቂት ሴሎችን ብቻ ነው። ሊምፎማን በእርግጠኝነት ለመለየት ግን እጢው ወጥቶ አሠራሩ በሙሉ መታየት አለበት። በቲቢ መድኃኒት ላይ እያለ የሚያድግ እጢ ካያችሁ «ባዮፕሲ ይደረግለት» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ያልጠየቅነው የሚጠየቅ መሆኑን ስላላወቅን ነው።

ኅዳር ላይ እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ውጤቱ «ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ» ሆነ። ቶሎ ከሚያድጉት ሊምፎማዎች መካከል በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። ናሙናው በአንድ ላቦራቶሪ በኩል ወደ ውጭ ተላከና ሴሎቹ «ሲዲ 20» የሚባለው ምልክት እንዳላቸው ታወቀ። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም ነበር። ኋላ ላይ ከገንዘባችን አብዛኛው የሄደው በዚያ ምልክት ምክንያት ነው።

ሲቲ ስካኑ በሆዱም ውስጥ ያበጡ እጢዎች አሳየ። ደረጃ 3 ተባለ። በደሙ ውስጥ ኤልዲኤች የሚባለው ኢንዛይምም ከፍ ብሏል። ከ60 ዓመት በታች ላለ ታማሚ ሐኪሞች ሦስት ነገር ይቆጥራሉ። ስርጭቱን፣ ኤልዲኤቹን፣ ሰውየው በራሱ መንቀሳቀስ መቻሉን። ጋሼ ያኔ 46 ዓመቱ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተቆጠሩበት። ከፍ ያለ ስጋት ካለባቸው ተመደበ ማለት ነው። ስልኩ የመጣው ይሄን በሰማን ሳምንት ነው።

«ከእኔ ውሰዱ»

ያ ወቅት «ንቅለ ተከላ» የሚለው ቃል በየቤቱ የገባበት ነበር። መስከረም 2008 ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎ ወሬው ገና ትኩስ ነው። የመቅኔው ግን እዚህ አይሠራም ነበር። የአጎታችን ልጅ ከአሜሪካ ደወለ። አንድ ታማሚ ወደ ሕንድ የሚልክ ሰው ደግሞ የዋጋ ወረቀት በኢሜይል ላከልን። ዋጋውን ወደ ብር ስመታው የኮንዶሚኒየሙ ዋጋ ሆነ። ጋሼ ሳያቅማማ «ይሸጥ» አለ።

ሐኪሟ ጋ እማዬን ይዘን ገባን። እማዬ ገና ሳትቀመጥ «ልጄ፣ ከእኔ ውሰዱ። ደሙም መቅኔውም ከእኔ ነው» አለቻት።

ዶክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማማ፣ ለዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው አይወሰድም። ከራሱ ነው» አለችና አስረዳችን። ካንሰሩን የሚገድለው ኬሞ ነው። ኬሞውን በጣም ከፍ ብናደርገው ካንሰሩን የበለጠ ይመታዋል፣ ግን ደም የሚሠራውን መቅኔም ያጠፋዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ከሰውየው ደም ስቴም ሴል፣ ደም የሚያፈራው እናት ሴል፣ ይለቀማል፣ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከባዱ ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ይመለስለታል። ሴሎቹ መቅኔው ውስጥ ገብተው እንደገና ደም መሥራት ይጀምራሉ። የሚመለሱት ሴሎች ሰውየውን ከኬሞው ያድኑታል እንጂ ከካንሰሩ ጋር የሚዋጉት እነሱ አይደሉም።

እኔ በዚህ ነው የነቃሁት። «ኬሞ ወይስ ንቅለ ተከላ?» እያልን ስንከራከር ከርመናል። ለካ ንቅለ ተከላውም ኬሞ ነው። ጥያቄው ኬሞው ምን ያህል ይሁን፣ መቼስ ይሁን የሚል ነው።

ቀጥላ ቁጥር አሳየችን። የሒሳብ ሰው መሆኔን ስለምታውቅ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ጥናቱ የአሜሪካ ሐኪሞች በእ.ኤ.አ. 2013 ያሳተሙት ነው። እንደ ጋሼ ስጋታቸው ከፍ ያለ 397 ታማሚዎች ገቡበት። አምስት ዙር ኬሞ ወስደው ለውጥ ያሳዩት 253ቱ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን ኬሞ ቀጠሉ። ግማሾቹ አንድ ዙር ጨምረው ንቅለ ተከላ ተደረገላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በንቅለ ተከላው 69 በመቶ፣ በኬሞው 55 በመቶ ሆኑ።

«ይኸው! ይበልጣል እኮ» አልኳት።

«ቀጥሎ ያለውን አንብቢ» አለችኝ።

በሕይወት የነበሩት 74 በመቶ እና 71 በመቶ። በስታቲስቲክስ ዓይን ልዩነት የለውም። እንዴት? ኬሞ ብቻ ከወሰዱት መካከል በሽታው የተመለሰባቸው ሰዎች ንቅለ ተከላውን ኋላ ላይ የማግኘት ዕድል ነበራቸው። በሌላ በኩል የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ያለ ምርጫ በከባዱ መንገድ አልፈዋል። ብዙዎቹ በቀላሉ ኬሞ ይድኑ የነበሩ ናቸው። እርግጥ ስጋታቸው እጅግ ከፍተኛ የሆነውን ለብቻ ሲያዩዋቸው ንቅለ ተከላው ጠቅሟቸው ነበር። እሷም አልደበቀችንም። ጋሼ ግን ከእነሱ አልነበረም።

«ያን ገንዘብ ሪቱክሲማብ ላይ አውሉት» አለች። ሲዲ 20 ያኔ ትርጉም አገኘ። ሪቱክሲማብ ያንን ምልክት ፈልጎ የሚይዝ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የፈረንሳዮች ጥናት ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 399 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ቾፕ የሚባለውን የአራት መድኃኒቶች አሮጌ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት በሁለት ዓመት 57 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ሪቱክሲማብ ከተጨመረላቸው ደግሞ 70 በመቶው። የዓለም ጤና ድርጅትም በእ.ኤ.አ. 2015 መድኃኒቱን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኛ አገር ብዙ ታማሚ በዋጋው ምክንያት ያለ እሱ ይታከማል። ሆስፒታል በር ላይ ቁጭ ብዬ ስንቱን አይቻለሁ። ዛሬም ልቤን ያመኛል።

ስድስቱ ዙር

የጉበት ቫይረስ ቢ ተመረመረ። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ካለ ሪቱክሲማብ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ከቾፕ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚጎዳ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጥር 16 ቀን 2008፣ የመጀመሪያው ዙር ገባ።

በየ21 ቀኑ ነው። ሪቱክሲማቡን ከሕንድ ከሚመጣው በርካሹ እየገዛን ራሳችን ይዘን እንሄዳለን። በበረዶ ሳጥን፣ እቅፌ ውስጥ። በአንድ ዙር አንድ ባለ 500 እና ሁለት ባለ 100 ሚሊግራም ብልቃጥ። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲኑ፣ ሲንጠባጠብ ጋሼ ፊቱን ያዞራል። ሌላው የቾፕ መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን አምስት ቀን እንቅልፍ ያሳጣዋል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ጣቶቹ ደነዘዙ። ቪንክሪስቲን የሚባለውም ነርቭ ይነካል ተባልን። ወረቀት በጣቱ እየዳሰሰ ውፍረቱን ለሚለይ ሰው ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ዙር የገባው ዐቢይ ጾም በተያዘበት ዕለት ነው። ሥጋና እንቁላል ብላ ሲባል እምቢ አለ። የንስሐ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው «ለበሽተኛ መድኃኒቱ ነው ጾሙ» አሉት። ከዚያ በላ። እማዬ እንጦጦ ጠበል ልትወስደው ስትፈልግ ዶክተሯ አልከለከለችም። ነጭ የደም ሴሉ በሚወርድባቸው ቀናት ሰው መካከል አይግባ፣ ኬሞውንም አያቋርጥ፣ ይኸው ነው ያለችው። በየቤተሰቡ ይሄ ጉዳይ ጠብ ሲሆን አያለሁ። እኛ ቤት ያልሆነው ሐኪሟ እማዬን ስላከበረቻት ነው።

አራተኛው ዙር ዘገየ። ዶክሶሩቢሲን ጠፋ። ከተክለሃይማኖት እስከ ጎላ ሚካኤል ያለውን ፋርማሲ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። በሰባተኛው ቀን አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ በሻንጣ ይዛ መጣች። በደብተሬ ላይ «ሰባት ቀን» ብዬ በቀይ አስምሬበታለሁ። ያ ሳምንት ጎድቶት ይሁን አይሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ግን ለእኔ የዚህ ሕክምና ትልቁ ችግር እሱ ነው። ፈውስ ያለው መድኃኒት ቀኑን ጠብቆ አለመገኘቱ። ቤት ሸጦ ወደ ሕንድ ስለ መሄድ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው። ስድስቱ ዙር ሳይቆራረጥ ስለ መድረሱ የሚያወራ ግን የለም።

ግንቦት 8 ስድስተኛው አለቀ። ሲቲው ንጹሕ ሆነ። ሐምሌ ላይ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ኮንዶሚኒየሙም ተረፈ።

ነሐሴ 2009

ከአሥራ አምስት ወር በኋላ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ብብቱ ሥር አንድ ነገር ዳሰሰ። ለአራት ቀን ለማንም አልተናገረም።

ባዮፕሲው ያው በሽታ ነው አለ። እኔ ዶክተሯ ፊት አለቀስኩ። «ያኔ ብናስደርገው ኖሮስ?» አልኳት። ይህን ጥያቄ ለሁለት ሳምንት በውስጤ ሳላምጠው ነው የከረምኩት። አልተቆጣችኝም። «ያኔ ብታስደርጉት ላይመለስ ይችል ነበር። ደግሞም ሊመለስ ይችል ነበር፣ ያኔ ይሄ ዕድል በእጃችሁ አይኖርም። ሳያስፈልገው ሊያደርገውም ይችል ነበር። አሁን ግን ያስፈልገዋል» አለችኝ። ቀጥላም «አሁን ሂዱ» አለች።

የምትመካበት ጥናት የቆየ ነው። ፓርማ ይባላል፣ በእ.ኤ.አ. 1995 የታተመ። ሊምፎማቸው የተመለሰባቸው 215 ታማሚዎች ሁለት ዙር ኬሞ ተሰጣቸው። እጢያቸው ለኬሞው እጅ የሰጠው 109ኙ በዕጣ ተከፈሉ። በአምስት ዓመት በሽታው ሳይመለስ የቆዩት በንቅለ ተከላ 46 በመቶ፣ በተለመደው ኬሞ 12 በመቶ ብቻ ናቸው። በሕይወት የነበሩት 53 በመቶ እና 32 በመቶ። እዚህ ላይ ሁለቱም ረድፍ አንድ ነገር ይናገራል። ከመጀመሪያው ጥናት ጋር ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። አንድ ዓይነት ሕክምና፣ ሁለት የተለያየ ሒሳብ።

ግን ከ215ቱ ዕጣ ውስጥ የገቡት 109ኙ ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። ዶክተሯ የያዘችን በዚህ ነው። «ቲኬት አትቁረጡ። ቤቱንም አትሽጡ። መጀመሪያ ኬሞው ይሠራ አይሠራ እንይ» አለች። የማይሠራ ከሆነ ከባዱም ብዙ አይረዳም። ሁለት ዙር እዚሁ አዲስ አበባ ተሰጠው። ሪቱክሲማብ፣ ዴክሳሜታዞን፣ ሳይታራቢን፣ ሲስፕላቲን። ከመጀመሪያው እጅግ ይከብድ ነበር። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ወርዶበት ስታዲየም ጋ ያለው ደም ባንክ ተመላለስን። የማተሚያ ቤቱ ልጆች ሥራ አቋርጠው መጥተው ደም ሰጡለት።

ጥቅምት ላይ ሲቲው እጢው ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳየ። በዚያው ወር መጀመሪያ ደግሞ ብር በ15 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። ዶላሩ ከ23 ብር ገደማ ተነስቶ ወደ 27 ተጠጋ። ሆስፒታሉ የሚጠይቀው በዶላር ነው። ኮንዶሚኒየሙን ሸጥን፣ አልበቃም። ዕቁብተኞቼ ተራዬ ሳይደርስ ሰጡኝ። ዕድሩ ጨመረ። የአጎቴ ልጅም፣ ያ የደወለው፣ ቀሪውን ላከ። የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ ባንክ፣ ቪዛ፤ ኅዳር መጨረሻ ዴልሂ ገባን። እኔ አስታማሚ ሆኜ ሄድኩ።

ዴልሂ

የሴል መልቀሙ ሥራ ከጠበቅነው በላይ ቀላል ነበር። ለጥቂት ቀናት ሆዱ ላይ መርፌ ተወጋ። መርፌው ስቴም ሴሎቹን ከመቅኔው ወደ ደሙ ያወጣቸዋል። ከዚያ ደሙ በማሽን እየዞረ ሴሎቹ ተለዩ። ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ሴል ያስፈልጋል ተባልን፤ በሁለት ቀን ሞላ። ቀጥሎ ቢም የሚባለው የአራት መድኃኒቶች ኬሞ ስድስት ቀን ተሰጠ። ከአራቱ አንዱ፣ ሜልፋላን፣ ሲገባ በረዶ ሲመጥ ዋለ፣ አፉ እንዳይቆስል። ቢሆንም ቆሰለ።

ሴሎቹ የተመለሱበት ቀን ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ማቆያው ፈሳሽ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ይሰጣል። ክፍሉ ሁለት ቀን ሸተተ። እማዬ በስልክ «ምን ሆነ?» ስትለኝ «የራሱን ደም መለሱለት» አልኳት። እልልታዋ ከጆሮዬ አልፎ ነርሷን አስደነገጣት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ቀናት ናቸው ክፉዎቹ። ነጭ የደም ሴሉ ዜሮ። ትኩሳት 39.4። ውኃ መዋጥ አቃተው። የገና ዕለት ጋሼን በመስኮት እያየሁት ዋልኩ። ሐኪሞቹ ከመቶ ጥቂቶች በዚህ መካከል እንደሚሞቱ አስቀድመው ነግረውን አስፈርመውናል። ለእኔ ያቺን ፊርማ የማያሳይ ማንኛውም «ንቅለ ተከላ ይደረግለት» የሚል ምክር ጎደሎ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ነርሷ የደም ውጤቱን ይዛ ስትስቅ ገባች። ሴሎቹ ሥራ ጀምረዋል።

ዛሬ ለሚወስን ሰው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እኛ በሄድንበት ዓመት አሜሪካ ለተመለሰ ሊምፎማ ካር-ቲ የሚባል ሕክምና ፈቀደች። የታማሚው የራሱ ቲ ሴሎች፣ በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች፣ ወጥተው ካንሰሩን እንዲያውቁ ተደርገው ይመለሳሉ። በእ.ኤ.አ. 2022 በወጣ የ359 ታማሚዎች ጥናት በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ ለተመለሰባቸው ወይም መጀመሪያውኑ ለኬሞ እምቢ ላለባቸው ከንቅለ ተከላው መንገድ በልጧል። በሁለት ዓመት በሽታው ሳይባባስ፣ ሌላ የካንሰር ሕክምናም ሳያስፈልጋቸው በሕይወት የቆዩት በካር-ቲ 41 በመቶ፣ በንቅለ ተከላው መንገድ 16 በመቶ ነበሩ። እንደ ጋሼ ከአንድ ዓመት በኋላ ለተመለሰበትና ኬሞ ለሠራለት ግን ንቅለ ተከላው ቦታውን አልለቀቀም። ስለዚህ «ተመለሰ ወይ?» ብቻ አይበቃም። «መቼ ተመለሰ? ኬሞው ሠራለት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ክትባት

ከባዱ ኬሞ የቆየ የክትባት መከላከያውንም አጥቦ ይወስዳል። ከወራት በኋላ እንደ ሕፃን እንደገና መከተብ አለበት። ዶክተሯ ደብዳቤ ጻፈችልን። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ሕፃናት በታቀፉ እናቶች መካከል ተሰልፈን ተቀመጥን። ቴታነስና የጉበት ቫይረስ ቢ ነበር የዚያን ቀን። ፀጉሩ ገና ብቅ እያለ ነው።

እማዬ ካርዱን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ጋሼ የተወለደው በ1962 ነው። አገሪቱ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር የጀመረችው በ1972፣ እሱ አሥር ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ነርሷ ስሙን ስትጠራ እማዬ ቀድማ ተነሳች። ክንዱን ራሷ ገለጠችለት። «ያኔ አልነበረም» አለች ለነርሷ፣ «አሁን ደረሰለት።»